እንኳን አደረሰዎ

ዛሬ እዚህ አሜሪካ ሜሞሪያል ደይ ነው። ሊንውድ ከተማ ያለው የምሠራበት ሱቅ ግን ቅናሽ ስላለው ሥራ እገባለሁ። ሸሚዜን እየተኮስኩ ነው፤ ስልኬ ከጠዋት ጀምሮ አላርፍ ብሏል። የዕድራችን ግሩፕ ላይ አንዱ «እንኳን ለሜሞሪያል ደይ በሰላም አደረሳችሁ!» ብሎ ከነርችቱ ለጥፏል። ሌላውም እየተከተለ «እንኳን አብሮ አደረሰን» ይላል። ኧረ በፈጠራችሁ! በውትድርና ያለቁ ልጆች የሚታሰቡበት ቀን እኮ ነው!

«ሪላክስ፣ ማሚ» ትለኛለች ልጄ ከሶፋው ላይ።

የትኩስ ጨርቁ ሽታ ሲመጣብኝ የልጅነት ጎረቤታችን እትዬ ዘነቡ ትዝ አሉኝ። ልጃቸው አስር አለቃ ነበር። ለፈቃድ ወደ ቤት ሲመጣ፣ ወታደሮቹን የጫነው አውሮፕላን ወድቆ ሁሉም አለቁ። እትዬ ዘነቡ በየሙት ዓመቱ ሸሚዙን በከሰል ካውያ ይተኩሱለት ነበር።

በአንዱ ሙት ዓመት ላይ ነው፤ ስምንት ዓመቴ ነበር። ድንኳኑንና የሰዉን ብዛት ሳይ በዓል መሰለኝና ሮጬ ገብቼ፣ «እትዬ፣ እንኳን አደረሰዎ!» አልኳቸው።

እናቴ ጭኔን መዘለገችኝ።

«ተያት» አሏት እሳቸው። ካውያውን አስቀምጠው የሸሚዙን ኮሌታ በመዳፋቸው ዳሰስ ዳሰስ አደረጉት። «ግን ማን ደረሰና ነው፣ ልጄ? ራቱን ሠርቼ በር ላይ ቆሜ ነበር እኮ።»

አሁን ደሜ ፈላ። የግሩፑን ሰዎች ልቆጣ ስልኩን አነሳሁና መልእክቶቹን ወደ ላይ ገፋሁ። ከሁሉ ቀድሞ የመለሰው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? እኔ። ገና ከአልጋዬ ሳልወርድ፣ «እንኳን አብሮ አደረሰን» ብዬ።