«ያናደደሽን ገጽ እጠፊው»

አጎቴ መጽሐፍ ሲያውሱኝ «ያናደደሽን ገጽ እጠፊው» ይሉኝ ነበር። ስመልስላቸው እጥፋቱን እየፈለጉ «እዚህ ጋ ደግሞ ምን አናደደሽ?» ይላሉ። ከዚያ ክርክር ነው። ከሺፍት መጥቼ እንቅልፍ እያዳፋኝ እንኳ አይለቁኝም፤ ስንከራከር እንቅልፌም ድካሜም ይጠፋል።

የአርባቸው ዕለት፣ ሳድል ሪጅ ሰፈር ባለው ቤታቸው ውስጥ፣ ሰው ሁሉ እየተነሳ «ማንበብ ያስወደዱን እሳቸው ናቸው» አለ። ካነበበው አንድ ታሪክ ያነሳ ግን የለም። ስለ መጽሐፍ ሊያወሩት ሲደውሉለት «ቢዚ ነኝ ጋሼ» እያለ ስልክ ሲዘጋባቸው የኖረ ሁሉ!

ልንበተን ስንል አንድ ሐበሻ ጎረቤታቸው ከመኪናው መጽሐፍ አምጥቶ ሰጠኝ።

«ጋሼ አምና ያዋሱኝ ነው። አንድ ገጽ ሳላጥፍ፣ እንደ አዲስ ነው የያዝኩላቸው» አለኝ፣ ኮራ ብሎ።

ተቀበልኩትና እዚያው እፊቱ የመጀመሪያውን ገጽ አጠፍኩት።

«ኧረ ተይ፣ ይበላሻል!» አለኝ።

«ምን አናደደሽ?» ብለው የሚጠይቁኝ የሉም።