የማርቆስ ግራ ዓይን

ከጊምቢቹ የሚመጣ አንድ ደንበኛ አለኝ። ጨው ሲገዛ ሁልጊዜ ሱቄ ውስጥ አብሮኝ ከሚውለው ከታላቅ ወንድሜ ከማርቆስ በስተቀኝ ይቆማል፤ የማርቆስ ግራ ዓይን እንደማያይ ያውቃል። እንዴት አያውቅ፣ የመታው እሱ ነው። ዛሬ ጠዋትም እንደ ልማዱ በቀኝ ቆመ። ማርቆስ ግን አንገቱን እያዞረ፣ «ማነው እሱ?» አለ። ጨው የምሰፍርበት እጄ ቆመ፤ ቀኝ ዓይኑ እስካሁን ደህና ነበር።

ማርቆስ በተመታበት ዘመን እኔ ሆሳዕና መናኸሪያ አጠገብ ቅቤ የምነግድ ጎረምሳ ነበርኩ። ማርቆስ የጭነት መኪና ረዳት ሆኖ ሲሠራ፣ እሱ ባልጫነው የኮንትሮባንድ ጨርቅ ተይዞ አዲስ አበባ ታሰረ። እዚያ አንድ ጠባቂ ግራ ዓይኑን በዱላ መታው። ሕክምና ቢጠይቅ ሰሚ አጣ። እስር ቤት ሆኖ ለፌዴራል ፍርድ ቤት አቤት አለ፤ የመታኝ ይጠየቅ፣ ዓይኔም ሳይጠፋ ልታከም ብሎ። ይህን ገበያ ውስጥ ባወራ፣ በግ ሉካንዳ ቤቱን ከሰሰ በለና ብለው ሳቁብኝ።

ጠባቂው፣ የዛሬው ደንበኛዬ፣ የእኛው አገር ልጅ ሆኖ ተገኘ። ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ መንገዱ ገና ጭቃ ሳለ፣ ሽማግሌዎች ስለ እሱ እርቅ ሊለምኑ ከጊምቢቹ አባቴ ደጅ ደረሱ። ሽማግሌን በባዶ መመለስ እኛ ዘንድ ከወንጀል ይከፋል። አባባ ይቅር አሉ። እናቴ አታካና አቀረበች፤ ቡላው በቅቤ ርሶ ያብረቀርቃል። ከአንድ ገበታ በላን። ጣፍጦኝ ነበር፤ ቅቤው ከእኔው ነው።

በቀጠሮው ቀን ችሎት ገብቼ ከኋላ ተቀመጥኩ። ማርቆስ ዓይኑን በጨርቅ ሸፍኖ ቆመ። «አባቴ ታርቀዋል፤ ክሴን ትቻለሁ» አለ።

ዳኛዋ ብዕራቸውን አስቀመጡ። «እርቁ ከመታህ ሰው ጋር ነው። ሕክምናው መብትህ ነው፤ እሱንም ትተዋለህ?»

«አብረው ከበሉ በኋላ መጠየቅ እኛ አገር ነውር ነው።»

ደግመው ጠየቁት፤ ያንኑ መለሰ። መዝገቡ ተዘጋ። የተፈታ ዕለት መናኸሪያ ስቀበለው፣ የአውቶቡሱን ደረጃ በእግሩ እየዳሰሰ ወረደ።

ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ክፉ ቃል ተነጋግረው አያውቁም። እርቁ ስንጥቅ የለበትም፤ እንዲህ የሚበረክት ዕቃ እኔ ሱቅ ገብቶም አያውቅ። አንዳንዴ ሳስበው ግን፣ እርቁን ሁላችንም በላነው፤ ሒሳቡ ለማርቆስ ብቻ ደረሰ።

ዛሬ ጠዋት ደንበኛዬ ጥያቄውን ሲሰማ ፊቱ አመድ መሰለ። «እኔ ነኝ፣ ወንድሜ» አለ። «ሐኪም ቤት ልውሰድህ?»

«ተወው፤ እኛ እኮ ታርቀናል» አለ ማርቆስ።

የሱቁን መዝጊያ ሳብኩት።

«አባባ የታረቁት በግራ ዓይንህ ነው» አልኩት። «በቀኙ ማንም አልታረቀም። ተነስ።»

ሦስታችን ወደ መናኸሪያው ሄድን። እኔ በቀኙ ያዝኩት። ደንበኛዬ ለመጀመሪያ ጊዜ በግራው በኩል ሄደ።