ጦጣ ጠሪው አባቦራ

አባቦራ በዕድሜው ፈረስ ኖሮት አያውቅም። ስሙ ግን የባለፈረስ ስም ነው፤ አባቱ ልጄ ሲያድግ ይገዛል ብለው ተስፋ አድርገው ያወጡለት መሆን አለበት። ልጁ ያደገው ማማ ላይ ነው። ከሸቤ ወደ ጫካው ሲወጣ ባለችው መንደር በቆሎ ሲያሽት፣ ማማ ላይ ውሎ ጦጣና ዝንጀሮ የሚያባርር ሰው የግድ ነው፤ በወንጭፍ ደግሞ አባቦራን የሚያህል አልነበረም። ጦጣን እንደ ግል ጠላቱ ያያት ነበር። የሰው ማሳ ሲጠብቅ ጎልማሳነቱ አለፈ። ልጅ አልወለደም፤ ጓሮው ካለችው ጥቂት ቡና ሌላ ያለችው ሚስቱ ዘይቡ ብቻ ነበረች። ዘይቡም ከእኔ ጋር ካሳለፍከው ጊዜ ከጦጣ ጋር ያሳለፍከው ይበልጣል እያለች ትቀልድበት ነበር።

ከሚሊኒየሙ በኋላ ባሉት ዓመታት፣ ጅማ በቾ ቦሬ ሰፈር የሚኖር ፍሬዘር የሚባል ወጣት በአንዲት አሮጌ ላንድክሩዘር ፈረንጅ ማስጎብኘት ጀመረ። እንግዶቹ የሚመጡት ወፍና የዱር እንስሳ ለማየት ነው። ፍሬዘር መጀመሪያ ጅማ አካባቢ የውሃ ወፍ ያሳያቸውና ጫካው ዳር ድንኳን ያስተክላቸዋል። ከዚያ አንገታቸው ላይ መነጽር አንጠልጥለው፣ ክንፉን ሲዘረጋ ውስጡ ቀይ የሆነ አንድ አረንጓዴ ወፍ ለማየት ግማሽ ቀን ይቆማሉ። በዚያ አገር ሰው ያን ያህል የሚያንጋጥጠው ዝናብ ሲጠፋ ብቻ ስለሆነ፣ የመንደሩ ሰው ሥራ ፈትቶ እነሱን ያያል። ወፍ ደግሞ ቀጠሮ አያከብርም። ያን ሁሉ ገንዘብ ከፍሎ ባዶውን የተመለሰ እንግዳ ያኮርፋል፣ ፍሬዘርን ለጓደኞቹ ያማል። ስለዚህ ፍሬዘር ዝናብ ቢዘንብ ጉም ቢወርድ የማይቀር አንድ ነገር ፈለገ። አንድ ቀን ማማው ስር ቆሞ አባቦራ ጦጣ ሲያባርር አየና፣ «ከሚያባርሯቸው ቢጠሯቸውስ?» አለው።

አባቦራ ሳቀ። ዘይቡ ግን አልሳቀችም፤ የሰው በቆሎ ጠብቀህ ምን አገኘህ አለችው።

አባቦራ ጫካው ዳር በቆሎ የያዘ ጣሳ እየነቀነቀ መቀመጥ ጀመረ። መንጋው በደንብ ያውቀዋልና ለረጅም ጊዜ ድርሽ አላለም። ከዚያ አንድ ደፋር መጣ፣ ቀጥሎ ሁለት፣ ክረምቱ ሲወጣ ሁሉም መጡ። በዓመቱ የጣሳውን ድምፅ ሲሰሙ ከዛፍ ላይ እየተንሸራተቱ ወርደው እግሩ ስር ይሰበሰቡ ነበር። ፍሬዘር እንግዶቹን ከጀርባው ያስቀምጣቸዋል። አባቦራ እፍኝ በቆሎ ጨብጦ ሲዘረጋ አንዷ ጦጣ ጣቶቹን ተራ በተራ ገልጣ እህሉን ትለቅማለች። አንዲት አሮጊት እንግዳ ይህን አይታ እንባዋ ወርዷል። አባቦራም ወደዳቸው። አፍሮ ለማንም አልተናገረውም እንጂ፣ እንግዳ በሌለበት ቀን እንኳ ጣሳውን ይዞ መውጣት አብዝቶ ነበር። መንደሩ ጦጣ ጠሪው የሚል ስም አወጣለትና ሲስቅበት ከረመ።

ሳቁ ያበቃው በቆሎ ሲያሽት ነው። ከሰው እጅ የበላ መንጋ ሰውን መፍራት ተወ፤ አባቦራን ከሌላው ሰው እንዲለይ ማን ያስተምረው? ጦጣዎቹ በጠራራ ፀሐይ ማሳ ገቡ። ጠባቂ ጣሳ ሲደበድብባቸው ጭራሽ ወደ እሱ እየሮጡ መጡ። የእድሩ ዳኛ የአብዱልሃዲ ማሳ በሳምንት ውስጥ አገዳ ብቻ ቀረ። አብዱልሃዲ እድሩን ሰበሰበና፣ ያለመዳቸው ሰው ይጥራቸው፣ እኛ እንጨርሳቸዋለን አለ። እውነቱን ለመናገር የሰውየው ብሶት ሐሰት አልነበረም፤ ቤተሰቡ የሚበላው ያንኑ በቆሎ ነበር። አባቦራ ማሳችሁን በነፃ እጠብቃለሁ፣ የጠፋውንም ከፍሬዘር ከማገኘው እከፍላለሁ ብሎ ለመነ፤ አልጠራም አለ። ከእድሩ አስወጡት። እሳት ከለከሉት፣ ሰላምታ ነሱት፣ ጣሳውን ይዞ ወደ ጫካው እንዳይወጣም መንገዱ ላይ ሰው አቆሙበት። እሱ ግን ሲሰለቻቸው ይተዉታል ብሎ አሰበ። ዘይቡም ተወው፣ እኔና አንተ መች ሰው በዝቶብን ያውቃል እያለች ታጽናናው ነበር።

ከዚያ ዘይቡን ሆዷን አመማት። መጀመሪያ ቁርጠት ነው ተብሎ ፌጦ ጠጣች። በማግስቱ ያስመልሳት ጀመር፤ ሲነጋ ሆዷ ተነፍቶ እንደ ከበሮ ተወጥሮ ነበር። መኪና የሚገባበት መንገድ ከመንደሩ ሩቅ ነው፣ ገደልም አለው። ፍሬዘር እንግዶች ይዞ ባሌ ሄዷል፣ ስልኩም አይሠራም። በዚያ አገር ሕመምተኛ መንገድ የሚደርሰው በቃሬዛ ነው፤ ቃሬዛው የእድሩ ነው፣ እየተፈራረቁ የሚሸከሙትም የእድሩ ወንዶች ናቸው። አባቦራ በየቤቱ እየዞረ በር አንኳኳ። ሁሉም አብዱልሃዲን ጠይቅ አሉት።

አብዱልሃዲ ደጁ ላይ ቆሞ ነበር።

«ማሎ፣ ኦቦ አብዱልሃዲ፣ ዘይቡ ልትሞትብኝ ነው» ብሎ ለመነው አባቦራ።

«ቃሬዛው ያውና። ሰውም አለ። መጀመሪያ ጥራቸው።»

«እሷን አድርሰን ስንመለስ ልጥራቸው። ዋላሂ እጠራቸዋለሁ።»

«ከተመለስክማ አትጠራም። ሆድ ቁርጠት ነው አንተ፣ እስከ ቀትር ምንም አትሆንም።»

ይህን የተናገረው ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይቀል ነበር። ያንን ቃሬዛ ከመንደሩ ሁሉ አብዝቶ የተሸከመ እሱ ራሱ አብዱልሃዲ ነው።

ጫካ ውስጥ ዛፍ ላይ ይወጣሉ፣ ቤት ውስጥ ግን መውጫ የላቸውም ብሎ ዘዴውን ያሰበውም አብዱልሃዲ ነው። የመንደሩ የቡና መጋዘን በዚያ ወር ባዶ ነበር። ወንዶቹ ዱላና ገጀራ ይዘው ውስጡ ግድግዳው ጥግ ጥግ ተደረደሩ። አባቦራ እሺ ብሎ ጣሳውን እየነቀነቀ፣ ፊቱን ወደ መንጋው አድርጎ ኋሊት እየተራመደ ከጫካው ዳር አመጣቸው። ሳያያቸው ስለሰነበተ እየተጋፉ ተከተሉት፤ እናቶቹ ልጆቻቸውን ሆዳቸው ላይ አንጠልጥለዋል። መጋዘኑ በር ላይ ሲደርሱ ግን ቆሙ፤ የሰው ሽታ ሸቷቸዋል። አባቦራ ሊሸሹልኝ ነው ብሎ ተስፋ አደረገ። ወዲያው ዘይቡ ትዝ አለችው። ወደ ውስጥ ገባ ብሎ መሬት ላይ ተቀመጠና መዳፉን ዘረጋላቸው። ገቡ። በሩ ተዘጋ።

ዱላው መውረድ ሲጀምር ጦጣዎቹ የሚያውቁት መሸሸጊያ አንድ ብቻ ነበር። ጀርባው ላይ ወጡ፣ አንገቱን አቀፉ፣ ጋቢው ውስጥ ተሸጎጡ። አንዳቸውም አልነከሱትም። አብዱልሃዲ ከጋቢው ስር በጅራታቸው እየጎተተ ያወጣና ለሌሎቹ ይወረውርላቸው ነበር። አባቦራ አለቀሰላቸው ቢባል ደስ ይል ነበር፤ አላለቀሰም። እንደተቀመጠ «ቶሎ በሉ፣ ቶሎ በሉ» ይላቸው ነበር፤ ቤት ውስጥ ዘይቡ ትጠብቀዋለች።

ሥራው ከተባለው በላይ ፈጀ። አንዳንዶቹ የጣራው ወራጅ ላይ ወጥተው ስለነበር በድንጋይ ማውረድ አስፈለገ። ከዚያ ግን ቃላቸውን አከበሩ። ደሙ ሱሪያቸው ላይ ሳይደርቅ ዘይቡን በቃሬዛ አንስተው ገደሉን በሩጫ ወረዱ፤ አብዱልሃዲ ከፊት ሆኖ አንዴም ትከሻውን አላስለወጠም። መኪና ተገኘ፣ ጅማ ሐኪም ቤት ደረሱ። ዘይቡ ወደ ማታ ሞተች። አንጀቷ ታጥፎ ነበር፤ ሐኪሙ «ጠዋት ብትደርስ ኖሮ» አለ። ይህን ነገር ለቀሪው ሰው ለምን እንደሚናገሩት አላህ ይወቀው።

ለቀብሯ ምንም የጎደለ ነገር አልነበረም። እድሩ አባቦራን መልሶ ስላስገባው መቃብሩን ቆፈረ፣ ከፈኑን ገዛ፣ ድንኳን ተከለ፣ መንደሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ። በሦስተኛው ቀን ፍሬዘር እንግዶቹን መንገዱ ላይ መኪና ውስጥ ትቶ ለቅሶ ገባ። አላህ ያጽናዎት አለና ትንሽ ተቀምጦ፣ አባቦራን ወደ ዳር ወስዶ ሌላ መንጋ ለማልመድ ስንት ወር እንደሚፈጅ ጠየቀው። አባቦራ ወደ ለቅሶው ተመልሶ ተቀመጠ። ፍሬዘር እንግዶቹን ይዞ ወደ ሌላ ጫካ ሄደ፤ ተመልሶም አልመጣም።

የዚያን ቀን ከሰዓት የዘይቡ እህት ዙሀራ ለለቀስተኛው የበቆሎ ንፍሮ አቀረበች። አባቦራ ዘይቡን ለተሸከሙለት ሰዎች በገዛ እጄ ካላቀረብኩ ብሎ ትሪውን ተቀበላት። ከሚስቱ ሌላ የነበሩትን ጦጣዎች በገዛ እጁ አስፈጅቶ፣ እሷንም ቀብሮ፣ የቀረው እነዚህ ሰዎች ብቻ ነበሩ። ከእነሱ ጋር መኖር አለበት። ጎንበስ ብሎ በመጀመሪያ ለአብዱልሃዲ ዘረጋለት።

አብዱልሃዲ እጁን አላነሳም። ትሪውን አየ፣ ከዚያ ትሪውን የያዘውን እጅ አየ።

«ከአንተ እጅ የበላ ምን እንደሚሆን አይተናል፣ አባቦራ» አለው። በቁጣ አልነበረም፤ ቀስ ብሎ ነው የተናገረው።

አባቦራ ወደ ቀጣዩ ሰው ዞረ። እሱም አልነካም። ሦስተኛው ፊቱን አዞረ። አባቦራ እንደጎነበሰ ቀረ።

ዙሀራ ነገሩ ስላስጨነቃት ተነስታ ትሪውን ከእጁ ወሰደችና እንደገና ከአብዱልሃዲ ጀመረች። አብዱልሃዲ ቢስሚላህ ብሎ ዘገነ። ከእሱ ቀጥሎ የነበረውም ዘገነ። ትሪው ድንኳኑን ሲዞር ሁሉም እየዘገነ በላ።