ለድሬዳዋ የተያዘ ብርድ ልብስ

ነገሩ በጠቅላላው ያስከፈለኝን አስቀድሜ ልናገር፤ ዋጋውን ደብቆ ወሬ የሚያስረዝም ነጋዴ እኔም አልወድም። አንድ ሱቅ ሄደ፣ አንድ ትዳር ሄደ፣ ቀኝ ጉልበቴ ተጣመመ፣ እናቴም በሌለሁበት ተቀበረች። በምላሹ አንድ ቅዳሜ አገኘሁ። የምጽፍላችሁ ስለዚያ ቅዳሜ ነው፤ ግን ከመነሻው ካልጀመርኩ አይገባችሁም።

አገር የለቀቅኩ ለት ማታ ለእናቴ «ድሬዳዋ ዕቃ ላመጣ ነው» አልኳት። መርካቶ ውስጥ ብርድ ልብስ ነበር የምንሸጠው፤ ሥራውን ከእሷ ነው የተማርኩት። ጨርቅ በጣት ሳይሆን በእጅ ጀርባ እንደሚዳሰስ፣ ደንበኛ ሲዋሽ አፉን ሳይሆን ዓይኑን ማየት እንደሚገባ ያሳየችኝ እሷ ናት። ታዲያ እንዲህ ላለች ሴት ነው የዋሸሁት። እውነቱን ብነግራት ታለቅሳለች፣ ካለቀሰች እቀራለሁ፣ ይኸው ነበር ሂሳቤ። የራሴን ሱቅ በጓሮ ሸጬዋለሁ፣ ቪዛው በኪሴ ነው፣ አውሮፕላኑ የዚያኑ ሌሊት ነው።

እሷ ተነሥታ ከመደርደሪያው ላይ ወፍራሙን፣ ለደብረ ብርሃን ደንበኞች የምናስቀምጠውን ባለ ሁለት ፊት ብርድ ልብስ አወረደችና አጣጥፋ ሻንጣዬ ውስጥ ከተተችው።

«እማዬ፣ ድሬዳዋ እኮ ነው የምሄደው።»

«ሰምቻለሁ።»

«ሰው በነጠላ የሚያድርበት አገር ነው።»

«ሌሊቱን ማን አየው» አለችና ዚፑን ዘጋችው።

ሻንጣዬን የከፈተችው የካናዳ ጉምሩክ ሠራተኛ ከላይ ያገኘችው እሱኑ ነው።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ብርድ ልብስ።»

«ለሽያጭ?»

«ለብርድ።»

«ለስንት ጊዜ ትቆያለህ?»

«ሁለት ሳምንት። ለንግድ ኤግዚቢሽን ነው።»

ብርድ ልብሱን በእጇ መዘነችው፣ ቀና ብላ እኔንም መዘነችኝ። «ለሁለት ሳምንት ወፍራም ነው» አለች። ማኅተሙን ግን መታችልኝ። እሷና እናቴ አንድ ገበያ ላይ ቢውሉ ማንም አያታልላቸውም።

ኤግዚቢሽኑን በሩን እንኳ አላየሁትም። ጥገኝነት ጠየቅኩ፣ ካልጋሪ ሥራ አለ ሲሉኝ ካልጋሪ መጣሁ፣ አቢዴል የሚባል ሰፈር አንድ ቤዝመንት ተከራየሁ። የማሞቂያው መቆጣጠሪያ አከራዬ ያለበት ፎቅ ላይ ነው። የመጀመሪያውን ክረምት ኮቴን ለብሼ ተኛሁና አንድ ጠዋት ወጥቼ አንኳኳሁ።

«ቤቱ ይበርዳል» አልኩት።

«ሃያ ዲግሪ ላይ ነው ያደረግኩት።»

«የት ነው ሃያ? አንተ ሳሎን ነው እኔ መኝታ?»

«ሙቀት ወደ ላይ ነው የሚሄደው፣ ምን ላድርግ» አለኝ። ኪራዩም ወደ ላይ ነው የሚሄደው፣ አልኩ በልቤ። ወረድኩና የእናቴን ብርድ ልብስ ከሻንጣ አወጣሁት።

የዚያን እሑድ ደወልኩላትና እውነቱን ተናዘዝኩ። ሰምታ ስትጨርስ «ድሬዳዋ እንዴት ነው?» አለችኝ። «ይሞቃል እማዬ» አልኳት። ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ ስደውል ሌላ ሰላምታ የለንም። ውጭው የአፍንጫ ፀጉር የሚያደርቅ ብርድ ሆኖ፣ መኪናዬ አልነሣ ብሎኝ፣ «ድሬዳዋ እንዴት ከረመ?» ትለኛለች፤ «ይሞቃል» እላታለሁ። ስንስቅ ማን ቀድሞ እንደሚያቆም አይታወቅም።

በዚህ ሰፈር ሰው ያደረጉኝ ጋሼ ተስፋልደት ናቸው። አሥመራ በአማርኛ የተማሩ ኤርትራዊ ሽማግሌ ናቸው፤ አማርኛቸው ከእኔ የጠራ ነው፣ የመርካቶ አማርኛዬንም ሁልጊዜ ያርሙኛል። የመጋዘን ሥራ ያስገቡኝ እሳቸው ናቸው። መርዶ ለማርዳት ሲኬድም ይዘውኝ የሚሄዱ እሳቸው ናቸው። ወሬው ከአገር ቤት ለሐዘንተኛው አይነገርም፣ ለእሳቸው ይደወላል። እሳቸው ሰው ያሰባስባሉ፣ ጎህ ሲቀድ ተያይዘን እንሄዳለን። ስንት በር ላይ አብሬያቸው ቆሜያለሁ።

አገር ቤት የተውኳቸው ሚስቴና ልጄ ቤዛ ኋላ መጡ። ሚስቴ «ያገባሁት አንተን ሳይሆን ሺፍትህን ነው» ብላ ጥላኝ ኤድመንተን ከተማ ገባች፤ ስትናገር እንኳ ወደ ሥራ እየወጣሁ ነበር። ልጅቷ እናቷ ዘንድ አደገች። ለኮሌጅ ካልጋሪ ስትመለስ ሲቲስኬፕ የሚባል ሰፈር ከሁለት ፈረንጅ ጓደኞቿ ጋር ገባች እንጂ እኔ ጋ አልመጣችም። ለበዓል ትመጣለች፣ ትበላለች፣ ሰዓቷን ታያለች። የምትወደው ተራራ ነው። ያውም ሌላው ሰው በሊፍት፣ በገመድ በሚጎተት ወንበር፣ ወጥቶ በረዶ ላይ የሚንሸራተትበትን ተራራ እሷ ሊፍቱ ሳይከፈት በፊት በእግሯ ትወጣዋለች። ስኪ ቱሪንግ ይሉታል።

እኔ ምን አደረግኩ? ገበያ ሳይከፈት ዕቃ ማዘጋጀት ልማዴ ነው። ሁለት ክረምት ሙሉ፣ ለማንም ሳልነግር፣ ከተማው ዳር ካለችው ትንሽ ኮረብታ ከሕፃናት ጋር ስኪ ተማርኩ። በጉልበቴ ቁመት ያሉ ልጆች በአጠገቤ እየበረሩ ሲያልፉ እኔ እየወደቅኩ ተማርኩ። አንድ ቀን «አባ፣ እንሂድ» ብትለኝ ብዬ ነው። አላለችኝም። ከአንድ ዓርብ በቀር።

«አባ፣ ነገ ፍሪ ነህ?»

«ሺፍት አለኝ።»

«ካንስል አድርገው። ማውንቴን እንሂድ። አዲስ ስኖው ጥሏል።»

ሰው ሳይጠየቅ ሲሰጠኝ «ለምን» የምል ሰው ነኝ። ያን ቀን ግን አላልኩም።

በማለዳ መጥታ ወሰደችኝ። መኪና ውስጥ «ስልክህን ስጠኝ» አለች፤ «ብርዱ ባትሪ ይገድላል፣ እኔ ጃኬት ውስጥ ይሞቃል።» ሰጠኋት።

ዕቃ የሚያከራየው ባለ ጢም ልጅ ስኪውንና ከሥሩ የሚለጠፈውን፣ «ስኪን» ማለትም ቆዳ የሚሉትን ጨርቅ አመጣልኝ። በእጄ ጀርባ ዳሰስኩት፤ የፍየል ፀጉር ነው፣ ንጹሕ ሞሄር። ወደ ፊት ስትዳብሰው ሐር ነው፤ ወደ ኋላ ስትመልሰው እሾህ። ለዚህ ነው ዳገት ሲወጡ ወደ ኋላ የማያንሸራትተው።

«ሊፍቱ ተከፍቷል?» አልኩት።

«ገና ነው። በሚቀጥለው ሳምንት።»

«ታዲያ ይህ ሁሉ ዕቃ?»

«በእግር ለመውጣት።»

«በእግሬ ለመሄድ ነው የምከፍልህ?»

«አዎ» አለ ደስ ብሎት። እንዲህ ያለ ገበያ መርካቶም አላየሁም።

«ለምን ሊፍቱን አንጠብቅም?» አልኳት ቤዛን።

«ያኔ ፓውደሩ፣ አዲሱ ስኖው፣ ያልቃል፣ አባ።»

«ማን በልቶት?»

«ፒፕል» አለች። ሳቀች፤ ሳቋ ግን ቶሎ ተቆረጠ።

በረዶው ሌሊቱን የጣለ ነበር። ባዘቶ አይታችኋል አይደል፣ ፍሬው ወጥቶለት የተነደፈ ጥጥ? እሱ ነው፤ እፍ ቢሉት የሚበን። ቆመው ከደረቁት የሊፍት ወንበሮች ሥር፣ በጥድ መሐል፣ ተረከዛችን ልቅ ሆኖ እግራችንን እየጎተትን ወጣን። ስኪኑ በረዶው ላይ ሽው፣ ሽው ይላል። እናቴ ለደንበኛ ብርድ ልብስ ዘርግታ በመዳፏ ስታስተካክል የሚሰማው ድምፅ ነው።

«ስለ እማማ ንገረኝ» አለችኝ መሐል ላይ። ጠይቃኝ አታውቅም። የድሬዳዋውን ነገር ነገርኳት፤ ሻንጣውን፣ ጉምሩኳን፣ የእሑዱን ሰላምታ። እየሳቅኩ ነው የምነግራት። ቆም ብላ አጎንብሳ የጫማዋን ማሰሪያ ስታስተካክል ቆየች። ዓይኗን በትልቁ መነጽር ሸፍናለች፤ ዓይን በማይታይበት ገበያ ደግሞ እኔም እንደማንም ጅል ነኝ።

«ለገና አገር ቤት ስሄድ ነይ አብረን እንሂድ። ቲኬቴን ቆርጫለሁ» አልኳት። ወረቀት እስኪያልቅ፣ ዕዳ እስኪያልቅ ስል ስንት ዓመት ያዘገየሁት መንገድ ነው።

«ኦኬ አባ» አለች።

ላይ ስንደርስ ፀሐይ ወጣ። ተራራው ሁሉ ነጭ አንሶላ ለብሶ እስከ ዓይን ጥግ ተኝቷል። «ስልኬን አምጪ፣ እማዬን ላሳያት» አልኳት። ኔትወርክ የለም አለች። «እንግዲያስ ቪዲዮ ቅጂኝ።» ቀዳችኝ። ባርኔጣዬን አወለቅኩና እጄን ዘርግቼ፣ «እማዬ፣ ድሬዳዋን እዪ። ይሞቃል። ብርድ ልብስሽ አልበዛም። ለገና እመጣለሁ፣ የማመጣልሽን ዕቃ አሁኑኑ ንገሪኝ» አልኩ። ቤዛ ቪዲዮውን መልሳ ሳታሳየኝ ስልኩን ጃኬቷ ውስጥ ከተተችው። ባትሪው እንዳይሞት ነው ብዬ አለፍኩት።

ስንወርድ ስኪኑን ላጥኩና ተረከዜን ስኪው ላይ ቆልፌ ቀድሜያት ሄድኩ። ያ ባዘቶ እስከ ጉልበቴ ይገባል፣ ድምፅ የለውም፣ ክብደት የለኝም። ዞርኩ፣ እንደገና ዞርኩ፣ አልወደቅኩም።

«አባ፣ ስኪ የት ነው የለርንከው?» አለች ከኋላዬ እየጮኸች።

«መርካቶ» አልኳት።

ታች ልንደርስ ስንል ወደቅኩና ጉልበቴ ተጠመዘዘ። ሮጣ መጥታ አቀፈችኝ። ጉልበት ከሚፈልገው በላይ ቆየች እንዳቀፈችኝ። ዕድሜዬን ሙሉ የተመኘሁት ዕቃ በነጻ እጄ የገባ መሰለኝ።

ስንመለስ ኮክረን የምትባል ከተማ ምግብ ቤት ገባን። «ብላ አባ» ትላለች፤ ስጨርስ ደግሞ ሌላ አዘዘች። ኔትወርክ ሲመጣ «ያን ቪዲዮ ለአያልነሽ ላኪው» አልኳት። አያልነሽ ታናሽ እህቴ ናት፤ እናቴ የምታየው በእሷ ስልክ ነው። የቤዛ አውራ ጣት ስልኩ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

«ምነው?»

«ኔትወርኩ ስሎው ነው» አለች። ከዚያ ላከችው።

ያን ማታ እኔ ጋ አደረች፤ ስልኬ እሷ ጃኬት ውስጥ እንዳለ ነው። ጉልበትህን ልይልህ ብላ ሶፋው ላይ ጋደም እንዳለች እንቅልፍ ወሰዳት። የእናቴን ብርድ ልብስ አለበስኳት። ደስ ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

ጎህ ሲቀድ የመኪና በር ሰማሁ። ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። በዚህ አገር ሰው የመኪናውን በር ያላትማል እንጂ በቀስታ አይዘጋም። በቀስታ የሚዘጋው ለአንድ ነገር የመጣ ብቻ ነው፤ እኔም ስንት ጊዜ እንዲያ ዘግቻለሁ። በረዶው በብዙ እግር ሥር ይንቋቋል፣ የሚያወራ ግን የለም። እያነከስኩ ሄጄ ሳያንኳኩ በሩን ከፈትኩላቸው።

ጋሼ ተስፋልደት ፊት ቆመዋል። «ግርማ ልጄ፣ ግባና ተቀመጥ» አሉኝ።

«ቆሜ ልስማው ጋሼ።»

«እናታችን ዓርብ ጠዋት አርፈዋል። ቅዳሜ ተቀብረዋል።»

ቅዳሜ። ባርኔጣዬን አውልቄ የሳቅኩለት ቅዳሜ።

ስለ ለቅሶው አልጽፍም፤ ታውቁታላችሁ። ሰዉ ጋብ ሲል ቤዛን ኩሽና አገኘኋት።

«አንቺ ታውቂ ነበር?»

«ጋሼ ለእኔ ነገሩኝ። እስከ ሰንደይ ጠብቂው አሉኝ፣ ሰው እስኪሰበሰብ። ሆድህ ባዶ መሆን የለበትም አሉ። ቤት ብትሆን ሰው ይደውላል፣ ፌስቡክ ታያለህ። ኔትወርክ የሌለበት ሌላ ቦታ አላውቅም፣ አባ። ሶሪ።»

ያልበደለችኝን ልጅ ምን ልበላት። ሽማግሌ ያዘዛትን፣ ግማሹ እንኳ የማይገባትን ወግ፣ ከእኛ ከአዋቂዎቹ ይልቅ አሳምራ ፈጽማለች። አንድ ነገር ግን ጠየቅኳት።

«ባትሞት ኖሮ ትወስጂኝ ነበር?»

ዓይኔን አየችኝ። መነጽር የለም አሁን።

«አላውቅም አባ» አለች።

አዎ ብትለኝ ምን ነበረበት አልኩ መጀመሪያ። ኋላ ሳስበው በቤታችን እውነቱን ፊት ለፊት የተናገረች የመጀመሪያዋ ሰው እሷ ናት።

ማታ አያልነሽ ደወለች። ብዙ ከተላቀስን በኋላ፣ «ግርማዬ፣ ቪዲዮህ ድንኳን ውስጥ ደረሰኝ» አለች። «ለለቅሶ ያደረ ሰው ሁሉ አየው። አንዱ ይስቃል፣ አንዱ ያለቅሳል። እማዬ እኮ ልጅሽ የት ነው ሲሏት ለሁሉም ድሬዳዋ ነበር የምትለው። ሐኪሙ እንኳ ሲጠይቃት።»

«መጨረሻ ላይ ምን አለች?»

«ለግርማ እንደውልለት ወይ አልናት። ተዉት፣ ድሬዳዋ ቅርብ ነው፣ ይደርሳል አለች።»

የገናው ቲኬት ገንዘቡ አይመለስም ብለውኛል። እሄድበት እንደሆነ አላውቅም። ዛሬ ጠዋት ቤዛ፣ ቅዳሜ ስኖው ይጥላል፣ ትመጣለህ ብላ ጻፈችልኝ፤ ገና አልመለስኩላትም። እሑድ ሲደርስ ስልኩን አነሣና አስቀምጠዋለሁ።

ሂሳቡ ይኸው ነው። ሱቅ የለም። ትዳር የለም። ጉልበቴ እየተሻለው ነው። ብርድ ልብሱ አለ። እናት የለኝም።