የኬዚያ ሮውሊ ፊርማዎች

ባሌ ኤራስተስ ደግ ሰው ነው፤ የሚለምነውን ሰው እምቢ ማለት አያውቅም። እኔን ግን ደግነቱ አድክሞኛል። ምክንያቱ ጎረቤታችን ኬዚያ ሮውሊ ናት።

ኬዚያ ወደ አዮዋ የመጣችው ከባሏ ከጃቤዝ ጋር ነበር። እሱ የጎጆውን ጣሪያ እንኳ ሳይጨርስ የእርሳስ ማዕድን ሊቆፍር ብሎ ሄደ፤ በዚያው ቀረ። ጣሪያውን የከደነችው፣ ጫካውን የመነጠረችው፣ በቆሎውን የዘራችው እሷ ናት። ነገር ግን መሬቱ ገና የመንግሥት ነበር፤ ለሽያጭ ሲወጣ ደግሞ ባል ያላት ሴት በስሟ ገዝታ መያዝ አትችልም። ጃቤዝ ደግሞ ይሙት ይኑር አይታወቅም። የቀራት መንገድ የግዛቱ ምክር ቤት በሕግ እንዲያፋታት መለመን ብቻ ነበር። ለዚህም የጎረቤት ወንዶች ፊርማ ያስፈልጋታል፤ የእኛን የሴቶቹን ከቁም ነገር የሚቆጥረው አልነበረም።

በረዶ እየረገጠች ቤት ለቤት ዞረች። ሁሉም ፈረሙላት። ኤራስተስማ «ኧረ ኬዚያ፣ ይቺ ምን አላት! ካስፈለገሽ ሁለት ጊዜ እፈርምልሻለሁ» አላት።

ሳምንት ሳይሞላ የጃቤዝ ወንድም ላይማን መጣ። መሬቱ ላይ ዓይኑን ከጣለ ቆይቷል። እሱም «ወንድሜ ስለሚመለስ ሚስቱን አታፋቱበት» የሚል ልመና ይዞ ነበር። የአሳማ ጥብስና የበቆሎ ቂጣ አብሮን በላ፣ ልጆቹን አጫወተ፣ ከዚያ ወረቀቱን ዘረጋ። ኤራስተስ ብዕሩን አነሳ።

«አንተ ሰውዬ፣ ምን ልታደርግ ነው?» አልኩት።

«ማዕዴ ላይ የበላን ሰው እንዴት አሳፍሬ እሸኘዋለሁ? እውነቱን ምክር ቤቱ ይመርምረው እንጂ።»

«እሺ፣ ነገ ሰይጣን መጥቶ ቂጣ ቢበላ ለሱም ልትፈርም ነው?»

ላይማን ሳቀ። ኤራስተስም ሳቀና ፈረመ። ሌሎቹም እንደዚሁ አደረጉ፤ በእኛ ሰፈር እንግዳ ባዶ እጁን አይሸኝም።

ምክር ቤቱ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አድርጎ መረመረ። በሁለቱም ላይ የተገኘው ስም ሁሉ ተሰረዘ። በኬዚያ ወረቀት ላይ የተረፈው የራሷ ስም ብቻ ነበር። ጉዳዩ ለሚቀጥለው ዓመት ይደር ተባለ። መሬቱ ግን አልጠበቃትም፤ በረዶው እንደቀለጠ ለሽያጭ ወጣና ላይማን ገዛው።

በሄደችበት ቀን እነዚያው ወንዶች መጥተው ዕቃዋን ጋሪ ላይ ጫኑላት። ኤራስተስ ገመዱን አጥብቆ አሰረና ባርኔጣውን አውልቆ፣ «ሌላ የምረዳሽ ነገር አለ ኬዚያ?» አላት።

ቀና ብላ አየችው። ለቁጣ የሚሆን ጉልበት አልቀራትም።

«የለም ኤራስተስ፣ ይበቃል። አሁን ሂድ፣ ላይማን እየጠበቀህ ነው።»

እውነቷን ነው። ላይማን በመሬቷ ላይ ጎተራ ሊያቆም ለዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ ደቦ ጠርቶ ነበር። ኤራስተስ መዶሻውን ሊያመጣ ገባ። እኔም ስንቁን ቋጠርኩለት።