እንኳን ደስ አለሽ

በዚያ ክረምት የፍሮምሳ ቁመት ሱሪውን ጥሎት ሄዶ ነበር። ድምፁም አልረጋም፤ አንዴ እንደ አባቱ ይጎረንናል፣ አንዴ እንደ ታናሽ እህቱ ይቀጥናል። ስለዚህ ከሰው ጋር ላለማውራት ያልፈነቀለው ድንጋይ አልነበረም።

ሐምሌ ላይ ፉሪ የሚኖሩት ጎረቤታቸው፣ የታክሲ ሾፌሩ ጋሽ ቦጋለ ሞቱ። የፍሮምሳ አባት እግሩን ወለም ብሎት ተኝቷል። እናቱ ሸጊቱ ልጇን ጠራችው።

“በአባትህ ቦታ ለቅሶ የምትደርሰው አንተ ነህ። ገብተህ ዝም ብለህ ትቀመጣለህ። ስትወጣ ‘እግዜር ያጥናችሁ’ ትላለህ።”

“በቃ?”

“ሌላ ምን ልትል ነው? ከዚያ ቀመሪያ ቤት ጎራ በል፤ ልጇ ተመርቃለች። እዚያ ‘እንኳን ደስ አላችሁ’ ነው።”

ጉዱ የመጣው ከዚህ ነው። ልጁ ጭቃውን እየዘለለ ሁለቱንም ቃል እያነበነበ ሄደ። ለቅሶ ቤት ናፍቆት አለች። የሟች ልጅ ናት፤ አብረው ይማራሉ። ፍሮምሳ ዓመቱን ሙሉ ሲያያት ኖሮ አንድ ቀን እንኳ ሰላም ብሏት አያውቅም።

ድንኳኑ ውስጥ ሽማግሌዎች መሀል ተቀመጠ፤ ረጅም እግሩን የት እንደሚያደርገው ጨነቀው። ንፍሮ ሲሰጡት አንዷ ሽምብራ አመለጠችውና የእድሩ ዳኛ አቶ ሁንዴሳ ጫማ ስር ገባች። ላንሳት አላንሳት ሲል ብዙ ቆየ። በመጨረሻ ተነሣ። ናፍቆት በሩ አጠገብ ጥቁር ለብሳ ተቀምጣለች። ጎንበስ አለና በሹክሹክታ፣ “እንኳን ደስ አለሽ” አላት።

ከአፉ ሲወጣ ሰማው። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ ነበር።

ናፍቆት ቀና ብላ አየችው። ከዚያ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሴቶቹ እንባው ገና አሁን መጣላት ብለው አብረዋት አለቀሱ። አክስቷ ልታባብላት ነጠላውን ገለጥ ስታደርግ፣ ልጅቷ እየሳቀች ነው።

“የአባትሽ አፈር ሳይደርቅ!” ብላ አክስቷ ጮኸች።

ናፍቆት ፍሮምሳን አየችው። “እሱ ነው ያሳቀኝ” ብትል ነገሩ ያልቅ ነበር፤ አላለችም። “እኔ ነኝ” ቢልም ያልቅ ነበር። እሱ ግን ወጥቶ ሄደ። ቀመሪያ ቤትም አልደረሰ።

ወሬው ሀና ማርያም ድረስ ሄደ። በአባቷ ለቅሶ የሳቀች ልጅ! አንዱ ክፉ መንፈስ ይዟት ነው አለ፣ ሌላው አሳዳጊ የበደላት አላት። ፍሮምሳ ሁሉንም በጆሮው ሰምቶ ዝም አለ። እህል አልበላ አለው፣ እንቅልፍ እምቢ አለው። በዚያ ክረምት እንደሱ ያፈረ ሰው ፉሪ ውስጥ አልነበረም። ታዲያ እሱ ቤቱ ተቀምጦ ቢያፍር ለልጅቷ ምን ፈየደላት?

ለአርባው የሟች ቤት በሰው ሞላ። ፍሮምሳ ከመሀል ቆመ።

“ያን ቀን ናፍቆትን ያሳቅኋት እኔ ነኝ” አለ፤ ድምፁ በወፍራሙ ጀምሮ በቀጭኑ ጨረሰ። “እግዜር ያጥናሽ ልል፣ እንኳን ደስ አለሽ አልኳት።”

ቀድመው የሳቁት የሟች ባለቤት እትዬ በቀለች ናቸው። ከዚያ ሁሉም ተከተለ፤ አክስትየዋም አፏን ይዛ፣ “አቤት የዘንድሮ ልጅ!” አለች። አቶ ሁንዴሳ ትከሻውን መታ አድርገው፣ “ጎሽ፣ አሁን ሰው ሆንክ” አሉት። ፍሮምሳ ከሐምሌ ጀምሮ ያልተነፈሰውን ትንፋሽ ተነፈሰ።

ያልሳቀችው ናፍቆት ብቻ ናት። ሲወጣ ተከትላው ወጣች።

“ይቅርታ” አላት። “ክረምቱን ሙሉ እንዴት እንዳፈርኩ ብታውቂ...”

“አውቃለሁ” አለችው። “ግን ፍሮምሳ፣ የሞተው እኮ አባቴ ነው። እግዜር ያጥናሽ ያላልከኝ አንተ ብቻ ነህ።”

ፍሮምሳ ያን ሁሉ ጊዜ ስለ ራሱ ሲጨነቅ፣ ጋሽ ቦጋለን አንድ ቀን እንኳ አላሰባቸውም። አሁን ነው የእውነት ያፈረው። አፉን ከፈተ፤ ከቃሉ በፊት እንባው ቀደመው።