ከታች የጠራው ብርጭቆ

ቧንቧ ሥራ የገባሁ ዕለት ካቦው መጀመሪያ ያስተማረኝ መፍቻ አያያዝ አልነበረም፤ ጆሮዬን ቱቦው ላይ ለጥፌ ማዳመጥ ነበር። ጣሊያን ነው፤ አማርኛው የተሰባበረ። «ውሃ ዝም፣ ጥሩ። አየር፣ ብዙ ወሬ» አለኝ። ከደብረ ሲና ወርጄ የሸዋ ሮቢት ሙቀት እያንገበገበኝ ቆሞ ማዳመጥ አልሆነልኝም። አየር ምን አቅም አለውና ብዬ በሆዴ ሳቅሁ።

ቱቦው ከሮቢ ወንዝ ጠለፋ ተነስቶ ቁልቁል ወደ ጣሊያን ጦር ሰፈር ይወርዳል። የገበሬውም ቦይ የሚነሳው ከዚያው ጠለፋ ነው። ውሃውን በተራ የሚያከፋፍሉት የውሃ አባት ጋሼ ይማም ነበሩ። ባለፍሁ ቁጥር «ና አንተ ደገኛ፣ ጥላ ሥር ተቀመጥ፤ ሥራው የትም አይሸሽህ» ይሉኛል። እኔ እቴ፣ መቀመጥ የት አውቄ!

አንድ ቀን ጠዋት የሰፈሩ ቧንቧ ሲከፈት ውሃው ወተት መስሎ ወረደ። ወታደሮቹ ጣሳቸውን ወረወሩ። አርበኞች በየጫካው ስለነበሩ «መርዝ ነው» የሚለው ወሬ ሰፈሩን ባንዴ አዳረሰው። ጠለፋው አጠገብ የተገኙት ጋሼ ይማም ታስረው መጡ። ጣሊያንኛ ትንሽ ትንሽ እሰማ ስለነበር አስተርጓሚው እኔ ሆንሁ።

መቶ አለቃው አንድ ብርጭቆ አስቀድቶ ፊታቸው አስቀመጠ። «ንጹሕ ከሆነ ይጠጣው» አለ።

ስነግራቸው «ሮመዳን አይደል እንዴ ልጄ? ፆመኛ ነኝ። ፀሐይ ጠልቃ መግሪብ ሲደርስ እጠጣለሁ በልልኝ» አሉ።

እንደምንም ተረጎምሁት። መቶ አለቃው «ፆሙ ዛሬ ነው ትዝ ያለው? በቃ፣ አምኗል» ብሎ ወታደሮቹን ጠራ።

«ጋሼ፣ ይረሽኑዎታል እኮ! አንዲት ጉንጭ ብቻ!»

«አላህ ያውቃል። አንተ ብቻ ረጋ በል።»

እኔው ልጠጣላቸው እጄን ስዘረጋ ካቦው ደርሶ እጄን መታኝ። «አትንካ! ጠብቅ!» አለኝ። መቶ አለቃውንም ጥቂት እንዲታገሥ ለመነው።

መጠበቅ እንደዚያ ቀን መርሮኝ አያውቅም። ዓይኔ ከብርጭቆው ወደ ጠመንጃው፣ ከጠመንጃው ወደ ጋሼ ይማም ይመላለሳል። ከዚያ የብርጭቆው ሥር ጠራ። ንጣቱ ቀስ እያለ ወደ ላይ ሄደና አፉ ላይ ጠፋ። ካቦው ለመቶ አለቃው «የመርዝ ዱቄት ቢሆን ወደ ታች ይዘቅጥ ነበር። ይህ አየር ነው» አለው።

መቶ አለቃው ጠለፋውን ካላየሁ አላምንም ስላለ አብረን ወጣን። ጋሼ ይማም ፆመኛው ገበሬ በቀትር እንዳይደክም ብለው፣ ሁሉም ከሌሊቱ የሱሁር ምግብ በኋላ በማለዳ እንዲያጠጣ ቦዮቹን ባንዴ ከፍተዋል። ውሃው ጎድሎ የቱቦው አፍ ግማሹ ብቅ ብሏል፤ ውሃውን ከነአየሩ ይምጋል። ቁልቁል ሲወርድ የውሃው ጫና አየሩን ያሟሟዋል። ቧንቧው ሲከፈት ጫናው ይላላል፤ አየሩም ደቃቅ አረፋ ሆኖ ይወጣል።

ፈቷቸው። ከደስታዬ ብዛት እንባ እንባ አለኝ።

መግሪብ ሲደርስ ያንኑ ብርጭቆ ይዤላቸው ሄድሁ። «ቢስሚላህ» ብለው ጠጡት። «ይኸው፣ እጠጣለሁ ያልሁትን ጠጣሁ። አሁንስ ትቀመጣለህ?» አሉኝ።

ተቀመጥሁ።

ቧንቧ ሠራተኞች፣ ውሃ ነጥቶ ሲወርድ ብርጭቆ ቅዱና አትንኩት። ከሥሩ ከጠራ አየር ነው፤ ሄዳችሁ የቱቦውን አፍ እዩ። ሰው ከመያዛችሁ በፊት።